የአሥር ሰው ደም ከአንድ ጣት

ነገሌ ገበያ መሃል ቆማችሁ «ዶክተር!» ብላችሁ ብትጣሩ ከሐጂ አደም ሱቅ በረንዳ ላይ አንድ ሰው ፊቱን በጋዜጣ ሲሸፍን ታያላችሁ። እሱ እኔ ነኝ። ዶክተር ግን አይደለሁም። የጤና ጣቢያው መድኃኒት ክፍል ሠራተኛ ነኝ፤ በአንዲት ጠባብ መስኮት ክኒን የማቀብል ሰው። ይህን ስም ያወጣልኝ ጠላት ቢሆን ኖሮ እከሰው ነበር። ያወጣሁት ግን እኔው ነኝ፤ ገና ሳልማር፣ ገና ሳልሄድ። እንዴት እንደሆነ ልንገራችሁ። የማፍርበት ነገር ስለሆነ መሃል ላይ ወደ ሌላ ወሬ ብገባ አትፍረዱብኝ፤ ሰው ወደሚያፍርበት ቦታ ቀጥ ብሎ አይሄድም።

ጊዜው የውይይት ክበብ ዘመን ነው፤ ሰው ሁሉ ጓድ የነበረበት። አንድ ቀን ከአዲስ አበባ በመጣ የመድኃኒት ሣጥን ውስጥ፣ ከጥጡና ከፋሻው ጋር፣ አንድ ደብዳቤ መጣ። ለመድኃኒት ባለሙያዎች ሁሉ የተላለፈ ማስታወቂያ ነው። ለሦስተኛ ዲግሪ አንድ ቦታ አለ፤ ትምህርቱ ውጭ አገር ነው፤ የሚጠናው የወባ መድኃኒት በሕመምተኛ ደም ውስጥ እንዴት እንደሚወጣ፣ እስከ መቼ እንደሚቆይና እንዴት እንደሚወርድ በሒሳብ ማስላት ነው ይላል።

ለማያውቅ ላስረዳ። ክኒን ስትውጡ መድኃኒቱ ደማችሁ ውስጥ እንደ ወንዝ ይሞላል፤ ከዚያ ቀስ እያለ ይጎድላል። ይህን መሙላትና መጉደል በካሬ ወረቀት ላይ ብትሥሉት የግመል ሻኛ የመሰለ መስመር ይወጣል። ያንን ሻኛ በቁጥር መግለጥ የቻለ ሰው ለማን ስንት ክኒን እንደሚበቃ ያውቃል። እኔ ደግሞ ዩኒቨርሲቲ ሳለሁ በሒሳብ ጎበዝ ነበርኩ። ይህን የምለው ለጉራ አይደለም። እሺ፣ ለጉራ ነው።

አመልካቹ ችሎታውን የሚያሳየው እንዲህ ነው። አሥር የወባ ሕመምተኞች ይመርጣል፤ ክኒን ያስውጣቸዋል፤ በሳምንት ውስጥ በተወሰኑ ስምንት ሰዓቶች ጣታቸውን እየወጋ ጠብታ ደም በልዩ ወረቀት ላይ ያደርቃል፤ ስም፣ ዕድሜ፣ ክብደትና ሰዓት ጽፎ አዲስ አበባ ይልካል። እዚያ ይለካል። የተሻለ ሥራ የላከ ይሄዳል።

ደብዳቤውን ያነበብኩት ረፋድ ላይ ነው። ለምሳ ሰዓት ሐጂ አደም ሰምተዋል። ከሰዓት በኋላ ወደ ወደራ የሚሄደው አውቶቡስ ሾፌር ሰምቷል። በሳምንቱ ሜጋ ያለ የክፍል ጓደኛዬ «እንኳን ደስ አለህ» ብሎ ጻፈልኝ። ማመልከቻውን ገና አልሞላሁም። ሐጂ አደም ከመደርደሪያው ላይ ከሞያሌ የመጣ ወፍራም የሱፍ ጨርቅ አወረዱ።

«አገሩ ብርድ ነው አሉ፣ ዶክተር» አሉኝ። «ይህን አሰፍተህ ሂድ። የነገሌ ልጅ ሲንቀጠቀጥ ታየ እንዳይሉን። የኔ ስጦታ ነው።»

ዶክተር ሲሉኝ ማረም ነበረብኝ። አላረምኩም። እንዲያውም ድምፁን አጣጣምኩት።

አሥር የወባ ሕመምተኛ ማግኘት አልከበደኝም። ዝናብ ካለፈ በኋላ ከዳዋ ወንዝ ዳር የሚመጣው አብዛኛው ወባ የያዘው ነው። የከበደኝ ሳምንት ሙሉ ማቆየት ነው። አንዱን በመጀመሪያው ሰዓት ወግቼ ለሁለተኛው ስፈልገው ግመሎቹን ይዞ ሄዷል። አንዷ ጣቷን አንዴ ካስወጋች በኋላ «የቀረው ጣት ለሥራ ያስፈልገኛል» ብላ ወጣች። ከብት ሣር ተከትሎ ይሄዳል፣ ሰው ከብቱን ተከትሎ ይሄዳል፣ እኔ ደግሞ መርፌ ይዤ ሰው ተከትዬ እስከ ከተማው ጫፍ ሮጫለሁ። ዘጠኙ እንዲህ ተበተኑ።

የቀሩት አባ ጉዮ ብቻ ናቸው። ስድሳን ያለፉ፣ ረጅም ቀጭን ሽማግሌ፤ ትኩሳት ይዟቸው ከዳዋ ዳር መጥተው ገበያው ጀርባ ዘመድ ቤት ያረፉ። ጣታቸውን ስወጋ ዓይናቸውን አይጨፍኑም። ሰዓት የላቸውም፤ ፀሐይዋን አይተው በቀጠሯቸው ይመጣሉ። የሚያረፍደው ሰዓት ያሰርኩት እኔ ነበርኩ።

የመመሪያው ወረቀት «ሕመምተኛው ክኒኑን በፊትህ ይዋጥ» ይላል፤ አራት በመጀመሪያው ቀን፣ አራት በማግስቱ፣ ሁለት በሦስተኛው። ከሥሩም ተሰምሮበታል። ያን ቀን ግን ልብስ ሰፊው ለልክ ጠርቶኛል። አሥሩንም ክኒን በወረቀት ጠቅልዬ በመስኮቱ ሰጠኋቸውና «አባ፣ አራት ዛሬ፣ አራት ነገ፣ ሁለት ከነገ ወዲያ» ብዬ ለመለካት ሄድኩ። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላል። እኔ ያፈሰስኩትን እንኳ አላየሁም።

በሦስተኛው ቀን አስቴር ጠራችኝ። አስቴር የላቦራቶሪያችን ባለሙያ ነች፤ ከማይክሮስኮፑ ላይ ቀና ሳትል ነው ሰው የምታናግረው።

«የአባ ጉዮ ወባ እንዳለ ነው» አለችኝ። «ትንሽ ቢቀንስ ነው።»

«አይሆንም። አሥር ክኒን ሰጥቻቸዋለሁ።»

«መስጠቱንማ ሰጠህ። ዋጡት?»

ወጥቼ ጠየቅኳቸው። «አባ፣ ክኒኑን ምን አደረጉት?»

«አለቀ» አሉ። «ሁሉም አለቀ። ገለቶሚ።» አመሰግናለሁ ማለታቸው ነው።

ማን እንደጨረሰው አልጠየቅኩም። ያን ጊዜ ያሰብኩትን ልንገራችሁ። ሽማግሌው ሳይድኑ መቅረታቸውን አላሰብኩም። ያሰብኩት ደማቸው ሻኛዬን እንደሚያበላሽብኝ ነው። ይህን ስጽፍ ጆሮዬ ይግላል። የሳቸውን የደም ወረቀት ጨምድጄ ቅርጫት ውስጥ ጣልኩት፤ ለሳቸውም ሌላ አሥር ክኒን በዚያው መስኮት አቀበልኩ፤ አሁንም ሳልጠይቅ።

መላኪያው ቀን አሥር ቀን ቀርቶታል። ከተማው በሙሉ ዶክተር ብሎኛል። ሱፉ ተቆርጧል። ካፈርኩ አይመልሰኝ አልኩና አንድ ሐሳብ መጣልኝ፤ ደም ደም ነው። ለምን የራሴ አይሆንም?

እነሆ፣ አባ ጉዮ ሁለተኛውን ክኒን ተቀብለው ገና ከመስኮቱ ሳይርቁ እኔ የራሴን አራት ክኒን ዋጥኩ። ዞር ብለው አዩኝ።

«አንተም አመመህ፣ ኢልማኮ?» አሉ። ልጄ ማለት ነው።

«ትንሽ አተኮሰኝ፣ አባ።»

«ዋቃ ይማርህ» አሉና ፈጣሪያቸውን እየለመኑልኝ ሄዱ።

በዚያ ሳምንት ስምንት ጊዜ ጣቴን ወጋሁ። በተወጋሁ ቁጥር ከአንዱ ጣት አሥር ሰው ወጣ። ቁጥር ሁለት የዳዋ ገበሬ ነው፤ እኔ። ቁጥር አራት የሃያ ዓመት ግመል ጠባቂ ነው፤ እኔ። ቁጥር ሰባት የስድሳ አምስት ዓመት ባልቴት ነች፤ እሷም እኔ። ለባልቴቷ አዘንኩና ክብደቷን ሦስት ኪሎ ጨመርኩላት። ደም ሲወጣልኝ ደስ ይለኝ ጀመር፤ አንድ ሰው በአንድ መርፌ ይህን ያህል ዘመድ አፍርቶ አያውቅም።

አስቴር በፕላስተር የተጠቀለሉትን ጣቶቼን አየች።

«ምን ሆነህ ነው?»

«ብርጭቆ ቆርጦኝ።»

«ስምንቱንም?»

«ስምንት ብርጭቆ ነው።»

«እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል» አለችና ወደ ማይክሮስኮፗ ተመለሰች።

አሁን ወደ ማሳከኩ ልምጣ። ክሎሮኪንን፣ ያንን የወባ ክኒን፣ ከቀመሳችሁ ታውቁታላችሁ። የሚያሳክከው ቆዳው ላይ ቢሆን ታኩታላችሁ፤ እሱ ግን ከቆዳው ሥር ነው፤ ባከካችሁት ቁጥር ቦታ ይለውጣል። መዳፍን፣ ውስጥ እግርን፣ የራስ ቅልን ሳይቀር ይበላል። እኔን የያዘኝ የውይይት ክበብ ስብሰባ ላይ ነው፤ ፊት ለፊት ወንበር ላይ፤ ለተማረ ሰው የሚሰጠው ቦታ። መድረኩ ላይ የጽዳት ዘመቻ ኮሚቴ ይመረጣል። ማጅራቴን ለማከክ እጄን ባነሳ ሰብሳቢው «ጓድ ዶክተር በፈቃዳቸው እጅ አውጥተዋል» አለ። ተጨበጨበ። አይደለም ልል ስነሣ ጀርባዬ ያዘኝ፤ በሌላኛው እጄ ወደ ጀርባዬ ስል «የመጸዳጃ ጉድጓድ ቁፋሮውንም ይመራሉ» ተባለ። ከዚያ በኋላ እጄን ሥሬ ከትቼ ወንበሩ ላይ ጀርባዬን መፈተግ ያዝኩ። ያንን ያየው የኪነት ቡድን ኃላፊ እስክስታ የምችል መስሎት ስሜን መዘገበ። ከስብሰባው የሦስት ኮሚቴ አባል ሆኜ ወጣሁ።

ወረቀቶቹን ላክሁ። ከዚያ መጠበቅ ሆነ። ሐጂ አደም «መሸኛ» ብለው ፍየል አረዱ፤ እኔም በልቼ መረቅኩ፤ ተሸኚውም መራቂውም እኔ ነኝ። በዚያ ሰሞን መስኮቴ ከተከፈተበት ቀን የተዘጋበት ይበዛ ነበር። አባ ጉዮ ሁለት ጊዜ መጥተው እንደተመለሱ የሰማሁት በኋላ ነው።

አንድ ቀን ቀትር ላይ አንድ አቧራ የጠጣ ላንድሮቨር ጤና ጣቢያው ግቢ ገባ። የወረዱት ወፍራም መነጽር ያደረጉ አዛውንት ፕሮፌሰር ናቸው፤ አመልካቹን የሚመርጡት እሳቸው ራሳቸው። ሊወስዱኝ የመጡ መሰለኝ። ሮጬ ሱፉን ለበስኩ። በነገሌ ቀትር ሱፍ መልበስ ምን እንደሆነ የለበሰ ያውቀዋል፤ ላቤ ከጫማዬ ሊፈስ ምንም አልቀረው። ሐጂ አደምና ግማሹ ገበያ ሊሸኙኝ ጤና ጣቢያው በረንዳ ላይ ተሰበሰቡ።

ፕሮፌሰሩ አንድ ካሬ ወረቀት ዘረጉ። አንድ ሻኛ አለበት፤ የተስተካከለ፣ ቆንጆ ሻኛ።

«ይህ የስንት ሰው ይመስልሃል?» አሉኝ።

«የአንድ ሰው፣ ጌታዬ» አልኩ፤ ምን አስቤ እንደሆነ እንጃ።

«እኔም እንደዚያ አስቤ ነበር። የአሥሩም ሰዎችህ ነው። አሥሩን ብሥላቸው አንዱ በሌላው ላይ ተኛ። በዚህ ሥራ ላይ ያረጀሁ ሰው ነኝ። ባልና ሚስት እንኳ አንድ ማዕድ በልተው አንድ ቤት አድረው በመድኃኒት ደማቸው አይስማማም። ያንተ ግመል ጠባቂና ያንተ ባልቴት ግን በፍቅር ወደቁብኝ። ላያቸው ስለፈለግኩ ነው የመጣሁት።»

«ከብት ተከትለው ሄደዋል።»

«ባልቴቷም?»

በዚህ መሃል አስቴር ሰዎቹን ገለል እያደረገች መጣች፤ ከኋላዋ አባ ጉዮ በበትራቸው ተደግፈው ይከተላሉ። ከስተዋል። ከንፈራቸው ነጥቷል።

«አካም፣ ናጋ?» ብለው ሁሉንም በየተራ ሰላም አሉ፤ ከዚያ ወደኔ ዞረው ከሽርጣቸው እጥፋት አንዲት ቋጠሮ ፈቱ። ሁለት ክሎሮኪን ክኒኖች ወጡ፤ ከመያዝ ብዛት ቢጫ ሆነዋል።

«ድርሻህ ነው» አሉኝ። «ሁለቴ ላመጣልህ መጣሁ፤ መስኮቱ ዝግ ነው።»

«የምን ድርሻ፣ አባ?» አሉ ፕሮፌሰሩ።

«እሱ አሥር ሰጠኝ። ያረፍኩበት ቤት ትኩሳት የያዘን አራት ነን። እኔ እየዋጥኩ እነሱ እያዩኝ? ብቻውን የሚበላ ምን ሰው ነው? ሁለት ሁለት ደረሰን፤ ይሄ ስምንት። የቤቱ ባለቤት ራሱን አሞታል፤ ለሱ አንድ። አንድ ደግሞ የሰጪው ነው፤ ያመጣ ሰው ሳይቀምስ አይሆንም። ሁለተኛ ሲሰጠኝም እንደዚያው አደረግን። ይሄም ልጅ አሞታል፤ ሲውጥ አይቼዋለሁ። ጣቶቹንም አየሁ፣ አሳዘነኝ።»

ፕሮፌሰሩ መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ።

«የኚህ ሰው የደም ወረቀት የት አለ?»

አስቴር ከነጭ ጋውኗ ኪስ የተጨማደደ ወረቀት አወጣች። ከቅርጫቱ አንስታ አስተካክላ፣ በመጽሐፍ መሃል አድርጋ አቆይታዋለች። ፕሮፌሰሩ ወደ ፀሐይ አንስተው ረጅም ጊዜ አዩት፤ ከዚያ ወደ እኔ።

«እነዚያ አሥሩስ ማን ናቸው?»

እንደ ተማሪ እጄን አነሳሁ። በዚያ ዘመን እጄን ፈቅጄ ያነሳሁት ያኔ ብቻ ነው።

«እኔ ነኝ።»

«ሁሉም?»

«ሁሉም።»

«ባልቴቷም?»

«ባልቴቷም እኔ ነኝ፣ ጌታዬ።»

ከኋላዬ አንድ ሰው ሳቁን ሊይዝ ሲሞክር አመለጠው። ሐጂ አደም አልሳቁም፤ የሱፉን እጅጌ ያዩ ነበር። ከሳቁት ይልቅ የከበደኝ እሱ ነው።

ፕሮፌሰሩ አልተቆጡም። ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር። «ይህንን ቆንጆ ሻኛ እኔው ነኝ መጽሐፍ ላይ የሣልኩት» አሉኝ ቀስ ብለው። «የራሴን መስመር መልሰህ ላክህልኝ። እኔ የምፈልገው መድኃኒቱ በሕመምተኛ ላይ ምን እንደሚሆን ነው። ሕመምተኛ ደግሞ ቤት አለው፤ ቤቱ ውስጥ ሌላ ሕመምተኛ አለ። ይህንን በቁጥር ያስገባ ሰው እስካሁን አላገኘሁም። ይህን አንዱን ወረቀት ብቻ፣ እንዴት እንደሆነ ጠይቀህ ብትልክልኝ፣ ዛሬ ይዤህ እሄድ ነበር።»

ወረቀቱን ማስታወሻ ደብተራቸው ውስጥ አስገብተው አስቴርን አመስግነው ሄዱ። ላንድሮቨሩ ያስነሳው አቧራ ሱፉ ላይ አረፈ፤ አላራገፍኩትም።

አባ ጉዮ ግን አሁንም መዳፋቸውን ዘርግተው ቆመዋል።

«ዋጥ» አሉኝ።

አላመመኝም ነበር፤ ዋሽቼዎት ነው ልላቸው ፈለግኩ። ሰው ትኩሳት እያንቀጠቀጠው ይህን ሁሉ ሳምንት የያዘልኝን ድርሻ እንዴት እመልሳለሁ? ዋጥኩ። ክሎሮኪን መራራ ነው፤ እንደዚያን ቀን የመረረኝ ግን የለም። ሌሊቱን እስኪነጋ ሳክ አደርኩ፤ ይገባኛል አልኩ።

በማግስቱ አስቴርና እኔ ለአራቱም ሕመምተኞች አሥር አሥር ክኒን ቆጥረን ገበያው ጀርባ ወዳለው ቤት ሄድን። በፊቴ እንዲውጡ ተቀምጬ አየኋቸው። አልዋጡም።

«አንተ ባዶ እጅህን ተቀምጠህ እኛ አንውጥም» አሉ አባ ጉዮ። የቤቱ ሴት ወተት በጣሳ ሰጠችኝ። እኔ ስጎነጭ እነሱ ዋጡ። ሦስት ቀን እንዲህ አደረግን። በሳምንቱ አስቴር ከማይክሮስኮፗ ቀና አለች፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ፊቷን ያየሁት ይመስለኛል። «አራቱም ንጹሕ» አለችኝ።

ያ ቦታ ለሌላ ሰው ተሰጠ። ሱፉን ለሐጂ አደም ልመልስ ወሰድኩት፤ «የተለካው ላንተ ነው፤ ለማን ይሆናል?» ብለው እምቢ አሉ። በማግስቱ ጠዋት ከሱቃቸው ደጃፍ ሆነው፣ ሁሉን በጆሯቸው ሰምተው ሳለ፣ «ዶክተር! ደኅና አደርክ?» አሉኝ። ምሕረት ይሁን ቅጣት እስከ ዛሬ አልጠየቅኳቸውም። ፊቴን በጋዜጣ መሸፈን የጀመርኩት ከዚያ ቀን ወዲህ ነው።

የመድኃኒት ክፍሉ መስኮት ላይ አሁን አንድ የውሃ ጣሳ ተቀምጧል። ክኒን የሚወስድ ሁሉ የመጀመሪያውን እዚያው ፊቴ ይውጣል፤ እኔም አብሬ ውሃ እጎነጫለሁ። ቤት ውስጥ ሌላ የታመመ አለ ወይ ብዬም እጠይቃለሁ። ወባ በሚበዛበት ወር ሆዴ ውሃ ብቻ ሆኖ ይውላል። አዲስ የሚመጡ ኃላፊዎች ይህ የት መመሪያ ላይ ተጻፈ ይሉኛል፤ አልመልስላቸውም።

አባ ጉዮ ከዳዋ ዳር ሲመጡ ሳይታመሙም ጎራ ይላሉ። ዶክተር ብለውኝ አያውቁም። በመስኮቱ እጄን ይይዙና ጣቶቼን አንድ በአንድ አገላብጠው ያያሉ።

«ዛሬ ስንት ሰው ነህ?» ይሉኛል።

«አንድ ነኝ፣ አባ» እላቸዋለሁ።